ሦስት መቶ ቀዳዳ

ካሌዶኒያን ሮድ ላይ የነበረው ሱቄ አሁን ጥፍር ይሠራበታል። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁት። መደርደሪያዬ በነበረበት ግድግዳ ላይ ቀለም የተቀቡ የፕላስቲክ ጣቶች ተደርድረዋል። ልጅቷ በትሕትና ቀጠሮ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። እጄን አየሁት። ይኼ በአንድ ቀጠሮ የሚያልቅ አይደለም ብያት ወጣሁ።

ጡረታ ወጣሁ ማለት ይኼ ነው። ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ ሸክላ ነጋዴ ነበርኩ እላለሁ። በቅርብ ከአገር ቤት የመጡት ልጆች ማሰሮና ገንቦ የሸጥኩ ይመስላቸዋል። ዘፈን ያለበት፣ ጥቁር፣ ክብ፣ በመርፌ የሚጫወት ሸክላ ነው ብዬ ሳስረዳቸው ደግሞ ከማሰሮው የባሰ ጥንታዊ ይሆንባቸዋል። ስሜ ጌታቸው ነው። እንግሊዞቹ ከግማሹ ቆርጠው ጌት አሉኝ፤ በር ማለት ነው። ሱቅ ላለው ሰው የከፋ ስም አይደለም።

በእጄ ያለፈውን ሸክላ ልቁጠር ብል ዕድሜዬ አይበቃም። የምጽፈው ግን ስለ አንዷ ነው። አንዲት የኖርዌይ ልጅ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አቀናብራ፣ ራሷ የዘፈነችው አንድ ዘፈን ብቻ ያለባት ትንሽ ሸክላ። ታሪኩን በየሠርጉና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳወራው ኖሬያለሁ፤ ጥፋቱን ግን ሁልጊዜ ለፋብሪካው እየሰጠሁ ነው። ፋብሪካውም ድርሻ አለው። አሁን የሚያባርረኝ ሰው ስለሌለ የራሴንም ድርሻ ልናገር።

ጥፋቱ እንዲገባችሁ ከመርካቶ መጀመር አለብኝ።

ንግድ የጀመርኩት ካሴት በማዞር ነው፤ ቴፑን በትከሻዬ፣ ካሴቶቹን በካርቶን። ካሴት ድምፁ ሳይሰማ አይሸጥም፤ ድምፅ ደግሞ ያለ ድንጋይ የለም። ባትሪ የሚባለውን እኛ ድንጋይ ነበር የምንለው። ስድስት ድንጋይ የሚጎርስ ቴፕ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ድንጋይ ከምሳ ይቀድማል። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ፀሐዩ ካልረዳው በጥርሳችን እንነክሰዋለን። እሱም ካልሠራ በደከመው እናጫውታለን፤ ክሩ ይዘገያል፣ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል። በኛ ሰፈር በወር መጨረሻ ሴት ዘፋኝ አልነበረችም፤ ሁሉም ወንድ ነበር። ደንበኛ ይኼ ማነው ሲለኝ፣ አዲስ ነው፣ ድምፁ ከባድ ነው ብዬ እሸጥለታለሁ። ቤቱ ወስዶ መብራት ላይ ሲሰካው ሴት ትዘፍንበታለች። በማግስቱ ካሴቱን ይዞ ሲመጣ፣ እህቱ ናት ብዬ የመለስኩት ሰው ሁሉ ነበር።

እንግዲህ ጆሮዬ ያደገው እንዲህ ነው። ዘፈን ሲጎተት ስሰማ የተበላሸ ነገር አይመስለኝም፤ ሰፈሬ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። ይኼን ያዙልኝ።

ለንደን በስደት ስመጣ መጀመሪያ የገባሁት ፓርክ ሮያል ያለ ሳንድዊች ፋብሪካ ነበር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ዳቦ ላይ እንቁላል መቀባት። ስለ እሱ የምለው የለኝም፤ እንቁላል ግን እስከ ዛሬ አልበላም። ከዚያ እዚያው አካባቢ አንድ መጋዘን ገባሁ። ሳይሸጥ ከየሱቁ የተመለሰ ሸክላ ይሰበሰብበታል፤ የኛ ሥራ ደግሞ ከነልባሱ፣ ከነወረቀት ማቀፊያው ማለት ነው፣ እየሰበርን ትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ መጣል ነበር። ሲዲ ገብቶ ሸክላን ሰው ሁሉ እንደ ጥራጊ የሚያይበት ዘመን ነው። አለቃችን ሰነፍም ደግም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገኙ ለሠራተኛ በረከት ነው። ዓርብ ዓርብ የፈለገ አንድ ካርቶን ይውሰድ አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ወሰድኩ።

ቅዳሜ ሃክኒ ገበያ ዳር ላስቲክ አንጥፌ ደረደርኩት። አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አየና ሳይከራከር ሁሉንም ገዛኝ። ያመመኝ አለመከራከሩ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱም ሸክላ የሚሸጥበትን ድንኳን ፈልጌ አገኘሁትና፣ ባለፈው እንዴት አድርገህ እንደሸወድከኝ አስተምረኝ አልኩት። ትኩር ብሎ አየኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ ስለው ኮፍያውን አወለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ዘንድ ሥራ ስጀምር ሩብ ሰዓት አረፈድኩ፤ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ በኋላ ለአገሬ ብሎ አውልቆልኝ አያውቅም።

ሚስተር ኦስዋልድ ይባላል። በወጣትነቱ በየመጠጥ ቤቱ ቆመው ሳንቲም ሲገባላቸው የሚዘፍኑትን የሙዚቃ ሣጥኖች ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ድንኳኑን ከመክፈቱ በፊት እጁን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባል፤ ውኃውን ከቤቱ በጀሪካን ይዞ ነው የሚመጣው። እኔንም ያሳጥበኛል። ሸክላ በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ካልሆነ አያስነካም። በአምፖል አይቶ አይገዛም፤ ወደ ውጭ ያወጣና ወደ ሰማይ ያዘነብለዋል። አምፖል ደላላ ነው፣ ጭረት ይደብቃል ይላል። የለንደን ደመና ለምንም አይጠቅምም የሚሉ ሰዎች ሸክላ ገዝተው ስለማያውቁ ነው።

መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ዘፈኑ ያለበትን አይደለም። ዘፈኑ አልቆ መርፌው የሚያርፍባት፣ ከመሃል ወረቀቱ አጠገብ አንዲት ባዶ ቀለበት አለች። ሸክላውን የሚቀርጸው ባለሙያ ቁጥሩን፣ አንዳንዴም አንድ ቃል፣ እዚያች ላይ በሹል ነገር ይጭራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ ነው፣ የሸክላ የክርስትና ስሙ እዚያ ነው ያለው ይል ነበር።

አድማጭነቱንም ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ሸክላ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ለዘፈኑ፣ አንዴ ለጉድለቱ። አንድ ቀን አንዱን እያፏጨሁ ሰምቼ ዋጋ ልለጥፍበት ስል እጄን ያዘኝ።

"ጌት፣ የጠላኸውን ሸክላ ሁለቴ ስማ፤ የወደድከውን ሦስቴ። የወደድከው ነው የሚዋሽህ።"

ከድንኳኑ ሥር ሁልጊዜ አንድ እጀታ ያለው ከባድ ብረት ይቀመጥ ነበር። ዲንከር ይለዋል። የትንሽ ሸክላ ቀዳዳ እርሳስ እንኳ በግድ የሚያስገባ ነው፤ የሙዚቃ ሣጥን ግን ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈልጋል። እጀታውን ሲጫኑት ክቡ ስለት ወርዶ መሃሉን ይበሳል። የሙዚቃ ሣጥን ከጠፋ ቆይቷል፤ እሱ ግን ብረቱን በየዓመቱ ዘይት ይቀባዋል። የሚጠቀምበት ሳይኖር ለምን ትቀባዋለህ ስለው፣ አንተንስ ለምን አበላሃለሁ አለኝ። ሲሞት ልጁ በሕፃን ጋሪ እየገፋች አመጣችልኝ። ባለቤቴ አስቴር ሳሎን አላስገባም ስላለች ሱቁ ደረጃ ሥር አስገባሁት። እዚያ ሆኖ ዓመታት አሳለፈ። እኔ ዘይት አልቀባሁትም።

ሱቁን የከፈትኩት ሚስተር ኦስዋልድ በሕይወት እያለ ነው። ሸክላ ብቻውን ኪራይ ስለማይችል ግማሹን የስልክ ካርድ አደረግኩት። ከዚያ የስልክ ካርድም ሞተ። ሲዲም ሞተ። ሁሉንም ቀብሬ ስጨርስ ሸክላ ተነሣ፤ ጢማቸውን ያሳደጉ ወጣቶች መጥተው እኔ ስሰብረው የኖርኩትን በወርቅ ዋጋ ይጠይቁኝ ጀመር። ትንሣኤ ያመንኩት ያኔ ነው ስላት አስቴር ትቆጣለች።

ኪት የሚባል ደላላ ያገኘኝ በዚያ ዘመን ነው። ቢሮው ፓርክ ሮያል ሆኖ ሙዚቀኛን ከሸክላ ፋብሪካ ያገናኛል። ፋብሪካው ሙሉውን ከማተሙ በፊት አምስት የሙከራ ቅጂ ይልካል፤ አንድ አድማጭ ሰምቶ ጉድለት የለበትም ብሎ ይፈርማል። ካልተፈረመ ፋብሪካው አይነካውም፤ ከተፈረመ ደግሞ መመለሻ የለውም። ያ አድማጭ እኔ ሆንኩ። የጌት ጆሮ ያሳለፈው ሸክላ አይመለስም ይባል ነበር። ይኼን ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ያልኩት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

የልጅቷ ሸክላ የመጣ ቀን ጠዋት የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ትልቅ ሸክላ ስሰማ ነው ያረፈድኩት። ትልቅ ሸክላ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ነው የሚዞረው። ትንሽ ሸክላ አርባ አምስት። ይኼን የማያውቅ ሸክላ ነጋዴ አፈሙዝና ሰደፍ እንደማይለይ ወታደር ነው። አወቅኩም አላወቅኩም ማጫወቻው ሠላሳ ሦስት ላይ ነበር፤ ትንሿን አስቀመጥኳት፣ መርፌውን አሳረፍኩ።

መሃሏ ነጭ ወረቀት ነው፤ የሙከራ ቅጂ ስለሆነች ምንም አልተጻፈባትም። ፎርሙ ላይ የዘፋኙ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ አገር፣ ኖርዌይ። ከሥሩ ፍጥነት አርባ አምስት ይላል። አላነበብኩትም። ባዶዋ ቀለበት ላይም ተጭሯል። ወደ ሰማይ አላዘነበልኳትም።

ምክንያቱም ድምፁ መጣ። ዝግ ያለ፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ የወንድ ድምፅ። ከበሮው የኤሌክትሮኒክ ነው፤ ግን ደክሞት አቀበት የሚወጣ ሰው እርምጃ ይመስላል። ግጥሙ እንግሊዝኛ ሆኖ በየመሃሉ አንድ ቃል እየደጋገመ ይጣራል፤ እኔ የሰማሁት ቁም ነው። ቁም፣ ቁም። እኔ ሰዓት እላፊ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ቁም ከተባልኩ እቆማለሁ እንጂ ለምን አልልም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ሳልከድንም አልቀረሁም።

አስቴር ምሳ ይዛልኝ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች።

"ማነው ይኼ ሰውዬ? ድንጋዩ ያለቀበት ቴፕ ይመስላል።"

"አንቺ መዝሙር ብቻ ነው የምታውቂው" አልኳት።

"መዝሙርስ ቢሆን እንዲህ ታንቆ ይዘመራል?"

አስቴር ጌታን ካገኘች ወዲህ ዘፈን አትሰማም፤ ስለዚህ ጆሮዋ ያልተበላሸ ነው። እኔ ግን ባለሙያ ስለሆንኩ አልሰማኋትም። ሁለተኛም ሰማሁት፤ ለጉድለቱ ሳይሆን ደግሜ ልደሰትበት። ድምፁ በየመሃሉ ቀስ ብሎ ወዝወዝ ይል ነበር፤ እንዴት ያለ አዘፋፈን ነው እያልኩ አደነቅኩ። ሦስተኛው ቀረ። ፎርሙ ላይ፣ ድምፁ ጥልቅ ነው፣ ጉድለት የለበትም ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሦስት መቶው ታትሞ ሲመጣ ክረምቱ ጠንክሮ ነበር። ዘፋኙ የሚኖርበት ሃክኒ ያለ ቤት ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ኪት ካርቶኖቹን እኔ ሱቅ አስወረዳቸው። በማግስቱ አንዲት ረጅም ልጅ የብስክሌት ቆቧን እንዳደረገች ገባችና ሂልዳ እባላለሁ አለች። የዘፋኙ ባለቤት ወይም እህቱ መሰለችኝ። ምስጋና ጀመረች። ፎርሙ ላይ የጻፍኩትን ኪት አሳይቷት ቀድታ ፍሪጇ ላይ ለጥፋዋለች። ድምፁ ጥልቅ ነው ብሎ እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ሁሉም ጥሩ ዳንስ ነው ነው የሚሉት አለችኝ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ እዚህ ላይ ግን አንቱ እንድትለኝ አደርጋታለሁ፤ ጽሑፉ የኔ ነው።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ እሷም አንድ የሙከራ ቅጂ ደርሷት ነበር፤ ግን የሸክላ ማጫወቻ የላትም። የዘንድሮ ልጅ ነገር እንዲህ ነው፣ ሸክላ ያሳትማል፣ ማጫወቻ የለውም። ማጫወቻ ያለው አባቷ ነው። ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰው ነው፤ በእጅ የማይያዝ ዘፈን ወሬ ነው ይላል። ለንደን ሰባት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ስልክ ላይ የላከችለትንም ዘፈን ከፍቶ አያውቅም። አሁን ሸክላ እንዳወጣች ሲሰማ ቲኬት ቆረጠ። በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ሃክኒ ውስጥ ለወዳጆቿ ስታቀርበው ሊመጣ ነው። ከዚያ ቀን ዘጠኝ ቀን ይቀራል።

ልስማው አለችኝ። በኩራት አስቀመጥኩላት። ማጫወቻው፣ የእግዜር ሥራ ሆኖ፣ አሁንም ሠላሳ ሦስት ላይ ነው። ድምፁ ሲጀምር ፊቷን አየሁ፤ ፈገግታዋ ባለበት ቆመ።

"ይኼ ማነው?" አለች።

"የናንተው አገር ሰው" አልኳት። "ባልሽ አይደለም?"

ጎንበስ ብላ የፍጥነቱን ቁልፍ ራሷ ተጫነች። ሸክላው ፈጠነ፤ ያ ወፍራም ሰውዬ ዓይኔ እያየ ቀጠነ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ልጅ እግር ሴት ሆነ። እሷን ሆነ። ያ አቀበት የሚወጣው ከበሮ የሚያስጨፍር ነገር ነው ለካ። ከዚያ ሁለታችንም ያን ውዝዋዜ ሰማነው። በዝግታ ጌጥ የመሰለኝ በፍጥነት መንገዳገድ ነው።

"እሺ፣ እኔ ነኝ" አለች ቀስ ብላ። "ግን ለምንድነው ሰክሬ የምዘፍነው?"

ሸክላውን አንሥቼ በሩ ላይ ወጣሁ፤ ወደ ደመናው አዘነበልኩት። አሁን። ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ብሏል፤ የጥፍር ውፍረት አይሞላም፣ ለመርፌ ግን ገደል ነው። ሌላ ካርቶን ከፈትኩ፣ ሌላ። ሦስት መቶውም እንደዚያው ነው። ባዶዋ ቀለበት ላይ ደግሞ በግልጽ አርባ አምስት ተጭሯል።

ዘወር ብዬ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት አልኳት። ኪት ዘንድ ደወልኩ፤ ፋብሪካው ደግሞ ያትማል፣ ወረፋው ግን ወራት ነው አለ። ሂልዳ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሸክላው የለም ካልኩት አይመጣም" አለች። "ሰበብ ነው ሲጠብቅ የኖረው።"

ነገ ተመለሺ አልኳት። እሷ ስትወጣ ደረጃው ሥር ገባሁ።

ብረቱ ዝጓል። ሚስተር ኦስዋልድ ቢያየው ኮፍያውን ለሁለተኛ ጊዜ ያወልቅ ነበር፤ ለሐዘን። ያን ቀን ሙሉ ፈታሁት፣ በጋዝ አጠብኩት፣ ስለቱን ሳልኩት፣ ዘይት ቀባሁት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ከተሳሳተ ቀዳዳውን የሚውጥ ትልቅ ቀዳዳ በትክክለኛው ቦታ መብሳት። የሸክላዋ ጀርባ ባዶ መሆኑ ጠቀመን፤ የሂልዳ ገንዘብ አንድ ፊት ብቻ ነው ያስቀረጸላት፤ ሁለት ፊት ቢኖራት አንዱን ሳስተካክል ሌላውን ባበላሸሁ ነበር።

አስቸጋሪው መሃሉን ማግኘት ነው። ብረቱ ራሱ በአሮጌው ቀዳዳ ነው መሃሉን የሚያገኘው፤ አሮጌው ቀዳዳ ደግሞ ውሸታም ነው። ቀዳዳው የሚሰካበትን የብረቱን የመሃል እሾህ ነቀልኩና ሌላ ምስክር ፈለግኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው መውጫ አጥቶ የሚዞርባት የመጨረሻ ክብ ከዘፈኑ ጋር የተቀረጸች ስለሆነች አትዋሽም። በጠራ ፕላስቲክ ላይ በኮምፓስ የሷን ልክ ክብ ጫርኩ፤ ፕላስቲኩን ስለቱ ላይ አሰርኩ። ሸክላውን ከሥሩ እያንፏቀቅኩ፣ በሰዓት ሠሪ መነጽር እያየሁ፣ ክብ በክብ ላይ ሲገጥም ትንፋሼን ይዤ እጀታውን እጫናለሁ። ጧ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተሰነጠቁ። ሱቁ ይበርዳል፤ ሸክላ ሲበርደው እንደ ብስኩት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎጣ ተጠቅልሎ ማሞቂያው ላይ መሞቅ አለበት፤ ከበዛበት ደግሞ እንደ ቂጣ ይታጠፋል። ለዚህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። አስቴር ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ዘፈን እንደማትነካ አስታውሳኝ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጠለቀች።

"እኔ ዘፈኑን አልሰማሁም" ትላለች ዛሬም፤ "ፕላስቲክ ነው ያሞቅኩት።"

በቀን ከአርባ በላይ አይሄድም። ከዚያ ካለፈ ዓይኔ መዋሸት ይጀምራል። ከእያንዳንዱ በኋላ ማጫወቻው ላይ አድርጌ መርፌው ሳይወዛወዝ መቆሙን አያለሁ፤ እሰማለሁ፤ ለጉድለቱ። አርባ አምስት ላይ። ሂልዳ ከሥራዋ እየወጣች ትመጣለች፤ ትልቁን ቀዳዳ መልሳ የምታጠብብ ባለ ሦስት እግር ፕላስቲክ ትሰካበታለች፣ ልባሱን ታጥፋለች። አራተኛው ቀን ላይ፣ መቶ ጊዜ ያህል ከሰማሁት በኋላ፣ ይኼ ቁም እያልሽ የምትደጋግሚው ምንድነው አልኳት።

"ኮም ነው" አለች። "በኛ ቋንቋ ና ማለት ነው። ለአባቴ ነው የጻፍኩት።"

በኔ ቋንቋ አትንቀሳቀስ ማለት እንደሆነ ነገርኳት። እጇ ላይ ያለውን ልባስ አስቀመጠች። ሰባት ዓመት ሙሉ እሱም እንደ እርስዎ ቁም ብሎ ሳይሰማው አልቀረም አለች። አስቴር ከማሞቂያው አጠገብ ሆና፣ ወንድ ሁልጊዜ የሚሰማው የተባለውን ተቃራኒ ነው፣ ቋንቋ አይደለም ችግሩ አለች። ይኼን አልተረጎምኩም። ሂልዳ ግን ሳቀች፤ ሴቶች በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አይፈልጉም።

ዓርብ ሊመሽ ሲል የመጨረሻውን መታሁ። አሥራ አራት ተሰብሯል፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክንዴ እስከ ትከሻዬ አብጦ ነበር። ከሸክላዎቹ የወጡት ትናንሽ ጥቁር ክቦች አንድ ባልዲ ሞሉ፤ አስቴር ለአበባ ማሰሮዎቿ ማስቀመጫ ወሰደቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃክኒ ያለች አንዲት መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከካርቶኖቼ ኋላ ቆሜ ሸጥኩ። አባትየው እንደ መርከብ ምሰሶ ያለ ሰው ነው። ልጁ ስትዘፍን እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ተደግፎ ሰማ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። ስትጨርስ ወደኔ መጣና አንድ ሸክላ አንሥቶ ፕላስቲኳን አወጣ፣ ሁለት ጣቱን በትልቁ ቀዳዳ አስገብቶ አዞረው። በልጅነቱ ወደቡ ላይ የነበረው የሙዚቃ ሣጥን ሸክላ እንዲህ እንደነበረ በልጁ በኩል ነገረኝ። ዛሬ ለምን እንዲህ እንደተሠራ ጠየቀ።

ሂልዳ አየችኝ። የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ለጌጥ ነው ልል ነበር፣ አሁን እንዲህ ይወደዳል። ግን ሰውየው ጣቱ ቀዳዳው ውስጥ ነው። በተሳሳተ ፍጥነት ሰምቼ፣ ልጅህ ወንድ መስላኝ፣ ጉድለቱን አሳለፍኩት፤ ከዚያ አቃናሁት አልኩት። ተረጎመችለት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፤ እሷ ለመተርጎም ሳቋን መጨረስ ነበረባት።

"ወንዱ ጥሩ ይዘፍን ነበር ወይ ይላል።"

"በጣም" አልኩ።

ሁለት ገዛ። አንድም ቅናሽ አልጠየቀም፤ በዚህ ጊዜ ግን አላመመኝም።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ለማስመርመር ሄድኩ። ነርሷ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ድምፅ ሲሰማህ ቁልፉን ተጫን አለችኝ። እየጠበቅኩ ሳለሁ ምርመራው አለቀ አለችኝ። የላይኛው ቀጭን ድምፅ ከኔ ከራቀ ቆይቷል። ኪት ዘንድ ሄጄ ከእንግዲህ አትላክልኝ አልኩት። ለአንድ ስህተት ነው ወይ አለኝ። ለአንዱ አይደለም፣ ላልሰማሁት ነው አልኩት። ማንም ሳይለኝ ለራሴ ቁም አልኩ፤ ቁም ማለት ለራስ ሲሉት ከባድ ትእዛዝ ነው። ሱቁን ሁለት ዓመት ያህል ይዤ ቆየሁና እሱንም ባለፈው ጸደይ አስረከብኩ። ብረቱን ግን አልሸጥኩም። አሁን ሳሎን ነው ያለው። በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ፤ አስቴር ደግሞ አበባ ታስቀምጥበታለች።

ባለፈው ወር በፖስታ አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን መጣ። የሂልዳ ሁለተኛ ሸክላ ነው። ደብዳቤ የለውም። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ በጠርዙ ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ ወደ ደመናው አዘነበልኩት። ቀዳዳው መሃል ነው። ባዶዋ ቀለበት ላይ ቁጥሩ አለ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ በተንጋደደ፣ ሕፃን በሚጽፈው ዓይነት ፊደል፣ በአማርኛ አንድ ነገር ተጭሯል። መነጽሬን አደረግኩ።

"45 ነው" ይላል።

ፊደሉን ማን እንደጻፈላት አስቴርን ስጠይቃት ስለ ዘፈን አላውቅም አለችኝ።

አርባ አምስት ላይ አድርጌ ሰማሁት፤ አንዴ ለዘፈኑ፣ አንዴ ለጉድለቱ፣ ስለወደድኩት ደግሞ ሦስተኛ። እኔ ልሰማው በምችለው በኩል ጉድለት የለበትም። ከዚያ አስቴር ለጸሎት ስትወጣ ጠበቅኩና በሩን ዘግቼ ወደ ሠላሳ ሦስት መለስኩት።

ሰውዬው ደህና ነው።